ወንዝ የበላው ጨው

አብዱልጀሊል ሷሊህ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ሰው ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ ስለ እሱ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሉት ይህንኑ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ የተቀመጠበት ምንጣፍ ሳይሞቅ ይነሣል፤ ሰርግ ቤት ገበታው ሳይነሣ እሱ ደጅ ወጥቶ የበቅሎዎቹን ኮቴ ያያል። አባቱ ሸህ ሷሊህ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ደረሳ ከሩቅ አገር የሚመጣላቸው ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን የእንጨት ሉሑን ታቅፎ ከጓደኞቹ ጋር እየቀራ ዓይኑ መንገድ መንገዱን ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተያይዞ ወጣ፤ ከሦስት ወር በኋላ እግሩ ቆስሎ፣ ፊቱ በፀሐይ ከስሎ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። አባቱ አልተቆጡትም። ዒልም በግድ አይገባም ብለው ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት መንገድ ላይ ኖረ። ወረኢሉን፣ አቀስታን፣ ኩታበርን፣ የአባይን ወዲህና ወዲያ ማዶ በእግሩ ያውቃል። አራት በቅሎዎች አፈራ፤ ነሲባን አገባ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወልዶ ዳረ። ነሲባ "ቤት ስትውል ትታመማለህ" ትለው ነበር። እውነቷን ነው፤ ሦስት ቀን ከዋለ ራሱን ያመዋል።

በ1955 ዓ.ም. ፋሲካ እንዳለፈ ከደሴ ሠላሳ አንድ ወታደሮች መጥተው ወደ አባይ በረሃ ወረዱ። ወንዙን የሚያጠኑ መሐንዲሶች ከክረምቱ በኋላ ስለሚመጡ፣ ወታደሮቹ ገደሉን እየፈለጡ የበቅሎ መንገድ እንዲያወጡና ቀድመው የመጡትን መሣሪያዎች እንዲጠብቁ ነበር የታዘዙት። ስንቃቸውን ከመካነ ሰላሙ ግምጃ ቤት የሚያወርድላቸው፣ ከወረደም በኋላ ከወንዙ ወደ ሰፈራቸው ውኃ የሚያመላልስላቸው ሰው ፈለጉ። መንገዱን እንደ አብዱልጀሊል የሚያውቅ አልተገኘም። ተዋዋለ። ስንቅ የሚወርደው በየዐሥራ አምስት ቀኑ ነው ተባለ።

በመጀመሪያው ጉዞ አጃቢ ሆኖ የተሰጠው ውበቱ የሚባል የወረኢሉ ልጅ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቅ ወታደር። ገና ከከተማው ሳይወጡ ተግባቡ። ውበቱ "ጋሼ አብዱ" ይለው ጀመር። ቁልቁለቱ ላይ ጠመንጃውን አንግቶ የበቅሎ ጅራት እየያዘ ይወርዳል፤ ሲደክመው ይዘፍናል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአንድ ገባር ወንዝ ደረሱ። ወንዙ ሌላ ጊዜ ቁርጭምጭሚት የማያርስ ነው። ያን ዕለት ግን ደጋው ላይ የበልግ ዝናብ ጥሎ ኖሮ፣ ደፍርሶና አረፋ ደፍቆ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል።

"ጋሼ አብዱ፣ እስቲ ትንሽ እንጠብቅ" አለ ውበቱ። "ያ ድንጋይ ቅድም አይታይም ነበር፤ አሁን ጫፉ ወጣ። እየጎደለ ነው።"

"እስኪጎድል ፀሐዩ ይገድለናል። ስንቱን ተሻግሬያለሁ፤ ና!"

ሦስቱ በቅሎዎች ተሻገሩ። አራተኛዋ፣ ቦራ የምትባለው፣ በአንድ ጎኗ የጨው ጆንያ፣ በሌላው የበርበሬ ጆንያ የተጫነችው ነበረች። መሐል ላይ ስትደርስ የፊት እግሯ ከድንጋይ ላይ ተንሸራተተና በጎኗ ወደቀች። ጭነቱ ወደ ታች ጎተታት። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ገቡ፤ አብዱልጀሊል መጫኛውን በቢላዋ ቆረጠ፤ ቦራ እየተንፈራገጠች ወጣች። ጆንያዎቹ ግን ሄዱ። ብዙ ወርደው ሲፈልጉ የጨዉ ጆንያ ተቀዶ ከዛፍ ሥር ተጠላልፎ አገኙት። ውስጡ እፍኝ የማይሞላ አሸዋ ነበር። በርበሬው ከነጆንያው የት እንደደረሰ አልታወቀም።

አብዱልጀሊል ባዶውን ጆንያ ይዞ ቆመ። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ንብረት ጭኖ አንድ ቀን አላጎደለም። አሁን ግን የጎደለው በችኮላው ነው፤ ለዚያውም እየተነገረው።

"ውበቱ፣ አደራህን" አለ። "ወንዝ ወሰደው አትበል። ከደሴ አልገባም ተብለናል እንላለን። በሚቀጥለው ዙር ከራሴ ገዝቼ አሟላለሁ፤ ወላሂ አሟላለሁ። ጨው ነው፤ ያለ ጨው የሞተ ሰው የለም።"

ውበቱ ከሱሪው ውኃ እየጨመቀ ቀና ብሎ አየው። "ለእኔ ምኔ ነው? አብሽር ጋሼ አብዱ፤ አፌ አይከፈትም" አለና ሳቀ።

ሰፈሩ ከአባይ በላይ፣ እንደ ምድጃ በጋለ ጥቁር ድንጋይ መካከል የተተከሉ ስድስት ድንኳኖች ነበሩ። አዛዡ መቶ አለቃ ስማቸው ሃያ ስምንት ዓመት የማይሞላው፣ ጫማው በበረሃም የሚያበራ መኮንን ነው። የስንቁን ዝርዝር ጠየቀ።

"ወረቀቱ ወንዝ ስንሻገር በሰበሰ፣ ጌታዬ" አለ አብዱልጀሊል። "ጨውና በርበሬው ከደሴ አልገባም ተብያለሁ። በሚቀጥለው ዙር ነው።"

መቶ አለቃው ወደ ውበቱ ዞረ። ውበቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ "እንደዚያ ነው ያሉት፣ ጌታዬ" አለ።

"ይሁን። ወታደር ለጣዕም አልተቀጠረም።"

ነገሩ በዚህ አለፈ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀልድ ነበሩ። ወጥ ቤቱ ነጩን ሽሮ በውኃ አማስሎ በድርቆሽ ይሰጣቸዋል፤ ወታደሮቹ "ዛሬ ደግሞ የማንን ልብስ ያጠብክበትን ነው የሰጠኸን?" ይሉታል። ጠዋት በሶ፣ ማታ ያው ሽሮ። ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ጀምበር ዶማና መዶሻ ይዘው ገደል ይፈልጣሉ። ሁሉም የደጋ ልጆች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሙቀት አያውቁም። ላባቸው ከአንገታቸው እስከ ጫማቸው ይወርዳል፤ ሸሚዛቸው ሲደርቅ በጀርባው ላይ ነጭ ነጭ ካርታ ይሥላል፤ ሲያጥፉት እንደ ቆዳ ይንኳኳል። ይጠማቸዋል። አብዱልጀሊል በቅሎዎቹን እየነዳ ከወንዝ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ወንዝ ይመላለሳል፤ የሚያመጣው ውኃ ግን አልበቃ አለ። ኮዳቸውን ሞልተው ይጠጣሉ፤ ወዲያው ደግሞ ይጠማቸዋል።

በአምስተኛው ቀን አንድ ወታደር መዶሻ እንዳነሣ ወደቀና ባቱን ይዞ ጮኸ። ጓደኞቹ ሲነኩት ባቱ ተኮማትሮ እንደ ድንጋይ ሆኗል። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። ከዚያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማስመለስ። የሕክምና ወታደሩ ወባ ነው ብሎ ኪኒን አደለ፤ ግን የአንዳቸውም ገላ አይተኩስም። "ትኩሳት የሌለው ምን ዓይነት ወባ ነው?" ብሎ መቶ አለቃው አፈጠጠበት። በሆዱ ግን ሌላ ጥርጣሬ ገብቶታል፤ ከሥራ ለመሸሽ የተመካከሩ መሰለው።

የገላው ሕመም ባልከፋ ነበር። የከፋው ሌላ ነው። ሃምሳ አለቃ ቢተው ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ የእያንዳንዱን ወታደር ጠመንጃ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሰልፉን ሲቆጥር ሠላሳ አወጣ፤ ደግሞ ሲቆጥር ሠላሳ ሦስት። ወታደሮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ጣቱን እንደ ዘረጋ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ይዞ፣ እንዴት እንደሚታሰር የጠፋበት ይመስል ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። ሁለት የአንድ አገር ልጆች በማንኪያ ተጣልተው ተነካከሱ። መቶ አለቃው ራሱ ጠዋት የሰጠውን ትእዛዝ ረስቶ መልሶ ይሰጣል፤ ያስታወሰውን ሰው ይሰድባል።

አብዱልጀሊል ይህን ሁሉ እያየ እንደ ታሰረ አውሬ ሆነ። ከወንዝ ሲመለስ ሳያርፍ መልሶ ይወርዳል። የቀረውን ቀን በጣቱ ይቆጥራል። በስምንተኛው ቀን መቶ አለቃው ድንኳን በር ላይ ቆሞ "ጌታዬ፣ ስንቁን አስቀድሜ ላምጣ። ሁለት በቅሎ ለውኃ ትቼ በሁለቱ ልውጣ" ብሎ ለመነ።

"ውኃውን ማን ይነዳል? ሰው የለኝም፤ ሁሉም ታመምን ብለው ተኝተዋል። ቀንህ ሲደርስ ትሄዳለህ።"

አብዱልጀሊል በሽታውን የበረሃው በሽታ አድርጎ ነበር የሚያስበው። ጨዉ በልቡ የነበረው እንደ ውሸት ነው እንጂ እንደ መድኃኒት አልነበረም። ያም ሆኖ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነበር። በኮርቻው ከረጢት ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ከመዳፍ ከፍ ያለ የአሞሌ ጨው ቁራጭ አለው። የበቅሎዎቹ ነው። ሲራራ ነጋዴ ወደ ቆላ ሲወርድ በቅሎውን ጨው ሳያልስ አይነዳም፤ ይህን ገና በልጅነቱ የተማረው ነው። በየጠዋቱ በድንጋይ ቀርፎ በመዳፉ ያልሳቸዋል፤ መዳፉ ላይ የቀረውን ራሱ ይልሳል። ያንን ቁራጭ ለወጥ ቤቱ ቢሰጥ ለአንድ ቀን ሽሮ ይበቃ ነበር። አልሰጠም። ስለ ጨው ወሬ እንዲነሣ አልፈለገም።

በዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከወንዙ ዳር ሦስት ጥይት ተከታትሎ ተተኮሰ።

ሰው ሁሉ ተሯሯጠ። የመሣሪያውን ድንኳን ይጠብቅ የነበረው ውበቱ ነው። ሃምሳ አለቃ ቢተው ዘበኛ ሊለውጥ ሲወርድ ውበቱ "ማነህ!" ብሎ ጮኸ፤ ቢተውም ስሙን ተናገረ፤ እሱ ግን አላወቀውም። ሁለቱ ጥይት ድንጋይ መታ። ሦስተኛው ቢተው ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን ኮዳ በስቶ አለፈ። ሲደርሱበት ውበቱ ጠመንጃውን ጥሎ ተቀምጧል፤ ከወንዙ ማዶ በቅሎ የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ፣ ሰርገኞች ናቸው ይላል። ማዶ የነበረው ገደል ብቻ ነው።

መቶ አለቃው ከሮቃ ዛፍ ጋር አሳሰረው። በዘበኝነት ላይ በአለቃው ላይ ተኩሷል የሚል ማመልከቻ ጻፈና፣ መራመድ በሚችሉ ሁለት ወታደሮች እጅ ወደ ደሴ እንዲደርስ በዚያው ሰዓት ላከ። ከዚያ ዞር ሲል አብዱልጀሊል በቅሎዎቹን ይዞ ከወንዝ ሲወጣ አየው። ውኃ የሞላ ቆርቆሮ ብቻውን አውርዶ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር።

መቶ አለቃው አፈጠጠበት። "አንተ ሰውዬ ስንት ዓመትህ ነው?"

"አርባ ሦስት፣ ጌታዬ።"

"ከእነዚህ ሁሉ ትበልጣለህ። ከሁሉ ይበልጥ ትሄዳለህ። ውኃው አንድ፣ ሽሮው አንድ። አንተ ለምን አልታመምክም? በቅሎዎችህስ? ምን ብትበላ ነው?"

አብዱልጀሊል ወደ በቅሎዎቹ ዞረ። ቆርቆሮውን አስቀመጠ። ምላሱ ላይ የጠዋቱ አሞሌ የመጣበት መሰለው። እሱ የሚበላው፣ እነሱ የማይበሉት፣ በቅሎዎቹም የሚበሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ወደ ከረጢቱ ሮጠ። ከአሞሌው ቀርፎ በጣሳ ውኃ አሟሟና ቀመሰው፤ የእንባ ያህል ጨዋማ ሲሆን ሮቃው ሥር ይዞ ሄደ። ውበቱ አንገቱ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ዓይኑን ገልጦ አየው።

"ጠጣ።"

ጠጣ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰጠው። አጠገቡ ቁጢጥ እንዳለ ጥላው ዞረ። ወደ ማታ ግድም ውበቱ "ጋሼ አብዱ" አለ፤ ድምፁ የራሱ ሆኖ። "ሃምሳ አለቃን መታሁት?"

"አልመታኸውም። ኮዳውን ነው።"

"ሰርገኞች አየሁ። አሁን ሳስበው አልነበሩም።" ከንፈሩን ላሰ። "አልተናገርኩም እኮ። ስለ ጨዉ።"

አብዱልጀሊል ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻለም። ተነሥቶ በቀጥታ መቶ አለቃው ድንኳን ገባ፤ ፈቃድም አልጠየቀ።

"ጨዉ ከደሴ ገብቷል" አለ። "ግምጃ ቤቱ ሰጥቶኛል። ወንዙ ሞልቶ እያለ ቸኩዬ ነው ያስገባሁት፤ ውኃ ወሰደው። ልጁ ጠብቅ ብሎኝ ነበር። እንዳይናገር የለመንኩትም እኔ ነኝ። ሰዎቹን ያሳበዳቸው የጨው እጦት ነው። እኔና በቅሎዎቹ አሞሌ ስለምንልስ ነው የቆምነው።"

መቶ አለቃው ቀስ ብሎ ተነሣ። አለንጋውን ከጠረጴዛው አነሣና እጁን ወደ ላይ ሰነዘረ። እጁ ከላይ ሳለ ፊቱ ተኮማተረ፤ የጭኑ ጅማት ይዞት ነው። ጠረጴዛውን ይዞ ወደቀ። አብዱልጀሊል ደግፎ አስተኛው፤ እግሩን ዘርግቶ አሸው፤ ከከረጢቱ የቀረውን አሞሌ አውጥቶ በውኃ ሰጠው። 

"ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" አለ መቶ አለቃው በመጨረሻ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

"ባዶ በቅሎ ነድቼ በአንድ ቀን እወጣለሁ። ጭኜ በአንድ ቀን ተኩል እወርዳለሁ።"

"ሂድ። ካልተመለስክ ግን..." አልጨረሰውም። ወረቀት አምጣልኝ አለና ለግምጃ ቤቱ ትእዛዝ ጻፈ። አብዱልጀሊል የቀረችውን አሞሌ ለወጥ ቤቱ ሰጥቶ፣ በጣም ለታመሙት በጣሳ እየለካ እንዲያጠጣቸው አሳይቶት፣ ሁለት በቅሎ ለውኃ ትቶ በሁለቱ ጎህ ሲቀድ ወጣ።

ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠም። ገደሉን በእጁም በእግሩም ወጣው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መካነ ሰላም ደረሰ። ግምጃ ቤቱ ተዘግቷል። ነሲባ በር ላይ ስታየው መጀመሪያ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው ያየችው፤ ጫማው ተበጣጥሶ ጣቱ ደምቷል።

"ምን ሆንክ? ማን ሞተ?"

ነገራት። ከወንዙ ጀምሮ ሁሉንም ነገራት። ነሲባ ውኃ አሙቃ እግሩን እያጠበች ሰማች። ሲጨርስ "ከሁሉም ልጁን ማስዋሸትህ!" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ የሚባለው የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቱን ገለጠ፤ አየው፤ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ደግሞ አየው።

"ይህ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የመቶ አለቃ ስማቸው።"

"መቶ አለቃ ስማቸው የገዛ ስሙን አሳስቶ ይጽፋል? እየው፤ 'ስቸማው' ይላል። ቀኑም ጥር ነው፤ እኛ ሚያዝያ ላይ ነን። እኔ በዚህ አንድ እፍኝ ባወጣ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"ስለታመመ እኮ ነው! ለዚህ ነው ጨው የፈለገው!"

"እንግዲያው ደሴ ጠይቄ መልስ ሲመጣ እሰጥሃለሁ።"

ደሴ ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ስድስት ቀን ነው። ቀኑም የገበያ አልነበረም። አብዱልጀሊል ከግምጃ ቤቱ ወጥቶ አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ነሲባ አቁማዳ ይዛ ከጎረቤት ጎረቤት እየገባች አገኛት። ጸሐፊው የሚለውን ገና ቀድማ ገምታ ነበር። "ወታደሮቹ በረሃ ወድቀዋል፤ ጨው ያለው ጨው ይስጠኝ" ነው የምትለው፤ ሌላ አላብራራችም። አንዷ በሰሃን፣ አንዷ በቅል ሰጠች። ጠላ የምትሸጠው ወይዘሮ ብዙዬ ለክረምት ያስቀመጠችውን ሙሉ አሞሌ ከነማሰሪያው አውጥታ አቁማዳው ላይ ጣለችው። "ወንድሜ ወታደር ነው" አለች፤ "የት እንዳለ አላውቅም።" አንዲት ሴት ያልተጠየቀችውን ቋንጣ ጨመረች። ረፋድ ላይ አንድ በቅሎ የሚጫን ጨው ተሞላ።

ወንዙ ጋ ሲደርስ ውኃው ጎድሎ ነበር። ያም ሆኖ ጭነቱን አውርዶ በትከሻው እየከፈለ አሻገረው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሰፈሩ ደረሰ። ዶማ የሚያነሣ ሰው የለም። ሃምሳ አለቃ ቢተውን አብዱልጀሊል በሌለበት ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጦ ጥሎታል፤ ምላሱን ነክሶ አብጧል። ወጥ ቤቱ ድስቱን ጣደ። አብዱልጀሊል በየድንኳኑ በጣሳ ዞረ፤ አንዳንዱ አንገቱን ደግፎ ነው የሚያጠጣው። "እንባ ያህል፤ ከዚያ አይብለጥ፤ ከበለጠ ያስጠማል" ይላል ለሁሉም። ማታ ሽሮው ጨው ኖሮት ቀረበ። አንድ ወታደር ጎርሶ አለቀሰ፤ ማንም አልሳቀበትም።

በሦስት ቀን ውስጥ ሰዎች ተነሡ። በአምስተኛው ቀን ቢተው ሰልፉን ቆጠረ። ሁለቱ መልእክተኞች ገና ስላልተመለሱ ሃያ ዘጠኝ መሆን ነበረበት፤ ሃያ ስምንት አወጣ። ሃያ ዘጠነኛው ውበቱ ነው፤ ገና ሮቃው ሥር እንደ ታሰረ ነበር።

በዚያው ዕለት መቶ አለቃው ውበቱን አስፈታው፤ የላከውን ማመልከቻ ግን መመለስ አልቻለም። ወረቀቱ ደሴ ደርሶ ከሳምንት በኋላ ሁለት የጦር ፖሊሶች መጡና ወሰዱት። አብዱልጀሊል የውሉን ጊዜ አልጨረሰም። በቅሎዎቹን ለመቶ አለቃው ትቶ ከኋላቸው ወጣ። እስከ አቀስታ በእግሩ፣ ከዚያ ወዲያ የእህል ጭነት መኪና ሲያገኝ እየተሳፈረ ደሴ ገባ።

የጦር ችሎቱ በር ላይ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። ምስክርነት አለኝ ብሎ ስሙን አስጻፈ፤ ተቀመጥ፣ ትጠራለህ አሉት። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። ጠዋት ሲከፈት ይመጣል፤ ማታ ሲዘጋ ይሄዳል። ተነሥቶ መንጎራደድ ሲጀምር ዘበኛው ይቆጣዋል። እግሩ ያቃጥለዋል፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ይይዘዋል። አንድ ቀን ወደ ውጭ ወጥቶ ሳለ ስሙ ተጠርቶ አልፏል የሚል ወሬ ሰማና፣ ሐሰት መሆኑን እስኪያውቅ ድረስ ለሽንት እንኳ መነሣት ፈርቶ ዋለ።

ሲጠራ ሁሉንም ተናገረ። መሐል ዳኛው፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሻለቃ፣ "እና ጨው የጎደለው ሰው በአለቃው ላይ ይተኩሳል ነው የምትለን?" አሉት።

"ጌታዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በቅሎን ነው የማውቀው። ቆላ ወርዳ ላብ ያላባት በቅሎ ጨው ካላገኘች መጀመሪያ እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ መንገድ ይጠፋታል፤ ሃያ ጊዜ የሄደችበትን መንገድ። በሰው እንደዚያ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።"

የጦር ሠራዊቱ ሐኪም ተጠየቀ። ላብ ውኃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም ይዞ ይወጣል አለ፤ ውኃ ብቻ መልሶ የሚጠጣ ሰው ደሙ ይቀጥናል፤ ጡንቻው ይያዛል፤ አእምሮው ይዛባል፤ ከከፋም ይሞታል። መቶ አለቃ ስማቸውም ቀርቦ የገዛ ስሙን ያሳሳተበትን ወረቀት ለዳኞቹ ሰጠ። ይህን ለማድረግ ማንም አላስገደደውም። ፊቱ ግን ቀልቷል።

ውበቱ ነጻ ተባለ፤ ከዚያ ቦታ ተነሥቶ ወደ ኦጋዴን እንዲዛወር ታዘዘ። አብዱልጀሊል ወታደራዊ ስንቅ አጥፍቶ በሐሰት በመናገሩ ሁለት ወር ታሰረ፤ ሁለተኛም የጦር ሠራዊት ጭነት እንዳይጭን ተባለ።

ውበቱ ከመሄዱ በፊት እስር ቤት መጣ። በአጥሩ ቀዳዳ ቆመው ተያዩ።

"አፉ በለኝ፤ በድዬሃለሁ" አለ አብዱልጀሊል።

 ውበቱ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። "ዛፉ ሥር ሳለሁ ጠልቼህ ነበር" አለ። "ውኃውን ስታመጣልኝም ጠልቼህ ነበር። አሁን እንጃ። አፉ ብዬሃለሁ፤ ግን ልቤ እስኪደርስ ትንሽ ጠብቀኝ።"

"እጠብቃለሁ።"

"ኦጋዴን ከአባይ በረሃ ይብሳል ይላሉ።"

"እንግዲያው ሂድና መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ተዋወቅ" አለ አብዱልጀሊል። ውበቱ ሳቀ፤ ትከሻው ተነቃነቀ። ከዚያ ጠሩትና ሄደ።

አብዱልጀሊል ተፈትቶ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰ፤ በቅሎዎቹን ተረክቦ ንግዱን ቀጠለ። በዓመቱ በኦጋዴን ጦርነት ተነሣ የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከምሥራቅ የተመለሰ ወታደር ባገኘ ቁጥር፣ ገበያም ይሁን መንገድ፣ ጭነቱን አቁሞ ይጠይቃል። የወረኢሉ ልጅ፣ ረጅም፣ ውበቱ የሚባል። አንዱ ጅጅጋ ሆስፒታል ውስጥ ቆስሎ አይቼዋለሁ አለው። ሌላው ደግሞ የለም፣ ሐረር ነው፣ ሃምሳ አለቃ ሆኗል፣ ሚስትም አግብቷል አለው። ወረኢሉ ድረስ ሄዶ ዘመዶቹን ጠየቀ፤ እነሱም የሚያውቁት ከእሱ አይበልጥም። የትኛው እውነት እንደሆነ ሳያውቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የአቀስታ ገበያ ሲደርስ በቅሎዎቹን ጫነ።